ያልዞረው አንገት

«ገላው ወጌሻን ትዕቢተኛ ናቸው ብዬ ነበር» አለች ኢንስፔክተር ሥርጉት፣ የሟቹ ክፍል ደፍ ላይ ቆማ። «ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ ትከሻዋ ወልቆ ወደዚህ አምጥቻት ነበር። ከጎናቸው ቆሜ ‹እንደምን ዋሉ› አልኋቸው። ዘወር ብለው አላዩኝም። ደግሜ ጠራሁ። ፊታቸውን እንደ ምሰሶ ወደፊት እንደተከሉ ‹ከፊቴ ቁሚ› አሉኝ። ደሜ ፈላ፤ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ዛሬም ትከሻዋ እንደተዛነፈ ነው።»

ሳጅን ባየ የክፍሉን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ፈገግ አለ። «እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኛ ሰፈር ‹የገላውን አንገት የሚያዞረው መልአከ ሞት ብቻ ነው› ይባል ነበር።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ፈገግታው ረገፈ። ቁልፉን በሩ ውስጥ ከትቶ ከፈተና መልሶ አወጣው።

ከዐሥራ አንድ ቀን በፊት፣ በቢቸና የገበያ ዕለት፣ ልጁ ሉሊት ከገበያ ስትመለስ አባቷን ያገኘችው እዚህ ነበር። በዝቅተኛው በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጀርባው ግድግዳውን ተደግፎ፣ ራሱ ግን ከአገዳው እንደተቀነጠሰ የማሽላ ዘለላ ወደ ግራ ትከሻው ተንጠልጥሎ። የአስከሬን ምርመራው ቃል አጭር ነበር፤ የአንገት አጥንት በመጠምዘዝ ተሰብሯል። ጉዳዩን መጀመሪያ የያዙት መርማሪዎች ከአጭሩ ቃል አጭር መንገድ ቀየሱ። የሰውን አንገት እንዲህ ለመስበር፣ አሉ፣ መጋጠሚያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ከገቡት መካከል ደግሞ መጋጠሚያን በዲግሪ የተማረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሆሳዕና ተመድቦ ሞጣ በሚገኝ ሆስፒታል የሚሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሐብታሙ። ሐብታሙ ዐሥር ቀን ታስሯል። አርብ ጠዋት የጊዜ ቀጠሮው ያበቃል፤ ዐቃቤ ሕጉም የከባድ ግድያ ክስ አዘጋጅቶ ጨርሷል። ሥርጉት ጉዳዩን እንድትመረምር ከሞጣ የተጠራችው ማክሰኞ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። የወጌሻው በርጩማ፣ ከፊቱ የበሽተኛ መቀመጫ፣ በስተግራ የጭቃ መደብ። ከማእዘኖቹ በሁለቱ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላቸው መስታወቶች በአግድመት ተቸንክረዋል።

«መልኩን የሚወድ ሽማግሌ» አለ ባየ።

ሥርጉት በሟቹ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷንም ወደፊት አቀናች። በቀኙ መስታወት ውስጥ ከጎኗ የቆመውን ባየን ከነቁልፉ አየችው። በሁለተኛው መስኮቱንና የግቢውን በር አየች። መደቡ ብቻ በአንዳቸውም ውስጥ አልነበረም። የሞተው ሰው እይታ ከመስታወቶቹ ገና ያልወጣ፣ እሷንም በተራዋ የሚመረምራት መሰላት።

«የስጦታውን ቃል አንብብልኝ» አለችው ተነሥታ።

ስጦታው የሟቹ የእህት ልጅ ነው። ሙያውን ከአጎቱ ተምሮ፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሞጣ ወርዶ የራሱን ቤት ከፍቷል። ባየ መዝገቡን ገልጦ አነበበ፤ «‹ስምንት ሰዓት ላይ ስገባ ሐብታሙ አጎቴ ፊት ተቀምጦ ነበር። አንገትዎን ላስተካክልልዎ አለው። ሟቹም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ሐብታሙ ቀረ›። ይኸው ነው። ሐብታሙ ደግሞ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ ይላል።»

«‹ነቀነቀ› ብለህ ነው የጻፍኸው?»

«ያለውን ነዋ የጻፍሁት።»

«ወዴት ነቀነቀ?»

ባየ ግራ ገባው። «ነቀነቀ ማለት... ነቀነቀ ነው፣ ኢንስፔክተር። እምቢ አለ ማለት ነው፤ ይኼኛው ደግሞ በግድ ጠመዘዘው።»

«እኔን ደብረ ወርቅ ላይ የቅኔ መምህር ነው ያሳደገኝ። አባቴ ድርብ ቃል ሲያገኝ እንጀራ እንዳገኘ ይደሰት ነበር። ራሱን ነቅንቆ ‹አዎ› የሚል አለ፤ ራሱን ነቅንቆ ‹አይሆንም› የሚልም አለ። አንተ አንዱን መርጠህ ሰው አሰርህበት።»

ሐብታሙ በእስር ቤቱ ግቢ ጥላ ሥር ሲያገኛት ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ቀጭን፣ ንግግሩ የተለካ ወጣት ነው።

«ያን ቀን ለምን መጣህ?»

«ልነግርዎ አልችልም። ከታካሚ ጋር የተነጋገርኩት ነው። ለማንም ላልናገር ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ታካሚው እኮ ሞተዋል።»

«ቃሌ አልሞተም።»

«አንተን ግን ሊገድልህ ነው» አለች ሥርጉት። መንገዱን ቀየረች። «እሺ፤ ስለሳቸው አትንገረኝ። ስለ ሰው ሁሉ ንገረኝ። አንገት እንዴት ነው የሚዞረው?»

የሐብታሙ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ። «መጋጠሚያ ሁሉ አንድ አይደለም። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ሌላ አያውቅም። ትከሻ በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ነው፤ ወደ ፈለገበት ይዞራል፣ ስለዚህም ቶሎ ይወልቃል። አንገት ላይ ደግሞ ሁለት ድንቅ አንጓዎች አሉ። የራስ ቅል በመጀመሪያው አጥንት ላይ ተቀምጦ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፤ ‹አዎ› የምንለው እዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው አጥንት ወደ ላይ የቆመ ጥርስ አለው፤ የመጀመሪያው በዚያ ጥርስ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ የድሮ የእንጨት በር በጉድጓዱ ውስጥ እንደሚዞረው። ‹አይደለም› የምንለው እዚያ ነው።»

«ስለዚህ አዎና አይደለም የተለያየ ቤት ነው ያላቸው።»

«ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ቤት ሲዘጋ ግን ሌላው ላይዘጋ ይችላል።» ይህን ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የፍርድ ቤት ደብዳቤ ካለዎት ሞጣ የራጅ ክፍል ይሂዱ። ወረቀት እንደ እኔ አልማለም» አላት።

ሉሊት ጥቁር ለብሳ በግቢው በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የአባቷ ክፍል ውስጥ መግባት አልቻለችም።

«ያን ቀን በሽተኛ ነበር?» አለቻት ሥርጉት።

«በገበያ ዕለት በሽተኛ አይቀበልም፣ እትዬ። ‹እጄም ሰንበት ይሻል› ይል ነበር። እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ገበያ ስወርድ ሐብታሙ ብቻ ነበር፤ ስጦታውም እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ አባቴ አስጠርቶታል።»

«መስታወቶቹስ?»

ሉሊት ዐይኖቿን መሬት ላይ ጣለች። «አስምሎኛል። ሞቶም መሐላውን አልፈታልኝም።»

ሥርጉት አላስጨነቀቻትም። ሁለት ሰዎች አንድ ምስጢር እንደሚጠብቁ አወቀች፤ ሁለቱም ሟቹን ይወዱ ነበር።

ረቡዕ ወደ ሞጣ ስትጓዝ ደብረ ወርቅ ላይ ወረደች። እዚያ የምትኖር ሀብትነሽ የምትባል እናት ገላውን ‹ዘርህ ይነቀል› ብላ በአደባባይ እንደረገመች መዝገቡ ውስጥ ተጽፏል። የሀብትነሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክንዷ ተሰብሮ ሞጣ ስጦታው ዘንድ ታሽታ ነበር። ስጦታው በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ አሠራት። በአምስተኛው ቀን ጣቶቿ ጠቆሩ፤ በዘጠነኛው ክንዷ ከክርኗ በላይ ተቆረጠ።

«ገላውን ለምን ረገምሽ? ያሠረው ስጦታው አይደለም?»

«ያስተማረው እሱ ነዋ!» አለች ሀብትነሽ። ከዚያ ድምፇ ወረደ። «በኋላ ግን እቤቴ ድረስ መጣልኝ። ‹እሁድ በሽማግሌ ፊት ቆሜ የልጅሽን እጅ ያሳጣት የስጦታው ማሠሪያ ነው እላለሁ፤ ከእንግዲህም ሰው እንዳይነካ አደርጋለሁ› አለኝ። አመንሁት። እሁድ ሳይደርስ ሞተ።»

«በሞተበት ቀን ቢቸና ነበርሽ።»

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ግን ያን ያህል የምትጠብቂውን ቃል ሳታረጋግጪ የምትቀመጪ ሴት አልመሰልሽኝም።»

ሀብትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሄጃለሁ። ፈርቼ ነው የደበቅሁት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከበሩ ደረስሁ። ከውስጥ የወንድ ድምፅ ‹ዙር! ወደ እኔ ዙር!› ሲል ሰማሁ። በሽተኛ እያሸ ነው ብዬ ተመለስሁ።»

«የማን ድምፅ ነበር?»

«በግድግዳ ያለፈ ድምፅ የማን እንደሆነ ይታወቃል? ወጌሻው በሽተኛውን ዙር የሚለው መሰለኝ።»

ከጓዳ ልጅቱ ስታለቅስ ተሰማ። እናትየዋ ወደዚያ እያየች እንዲህ አለች፤ «የሌለ እጇን ታክካለች። ‹እማዬ፣ ጣቶቼን አጥብቆ አሥሮኛል፣ ፍቺልኝ› ትለኛለች። ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ምኑን ልፍታላት?»

ሥርጉት መኪና ይዛ መንገዷን ቀጠለች። ጥያቄው እስከ ሞጣ ድረስ ከጎኗ ተቀምጦ ተጓዘ።

የራጅ ክፍሉ ባለሙያ ንግስት የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ አንብባ አንድ ፊልም አወጣች፤ በብርሃኑ ሰሌዳ ላይ ሰቀለችው። የገላው አንገት በጥቁሩ መካከል ነጭ ሆኖ ቆመ።

«የጤነኛ ሰው አንገት የተደረደረ መቁጠሪያ ይመስላል» አለች ንግስት፤ «በየፍሬው መካከል ክፍተት አለ። እዚህ ክፍተቱ የት አለ?»

አልነበረም። አጥንት ከአጥንት ተዋሕዶ፣ አንጓው ብቻ የቀረ አንድ ወጥ በትር ሆኗል።

«የቆየ ሕመም ነው። መጋጠሚያዎቹ ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጣሉ። እኛ የቀርከሃ አከርካሪ እንለዋለን። ከዐሥር ዓመት በላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልዞሩም። እዚህ ላይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ ትንሽ ተርፏል፤ በጥቂቱ ወደ ታች ማለት ይችሉ ነበር። ሐብታሙ ይህን ሲያይ ደነገጠ። ደረቅ ቀርከሃ ማለት ነው፤ ልጅ እንኳ ቢጠመዝዘው ይሰበራል።»

ሥርጉት ሳታስበው አንገቷን ወደ ግራ አዞረች፤ አንጓዋ ቀጭ ሲል ሰማች። ከሦስት ዓመት በፊት ያ ሰው ያልዞረላት ሊዞር ስላልቻለ ነበር። ‹ከፊቴ ቁሚ› ያለው እንደ ጌታ አዝዞ ሳይሆን እንደ ዕውር መንገድ ለምኖ ነበር። የእያንዳንዱን ሰው መጋጠሚያ የሚፈታ ወጌሻ የራሱ ተዘግቶበት፣ ‹ለራሱ ያልሆነ› እንዳይባል ትዕቢተኛ መባልን መርጧል።

ስጦታው በሞጣ ቤቱ በትሕትና ተቀበላት። የአርባ ዓመት ሰው፣ ደንዳና፣ እጆቹ ሰፋፊ።

«ሐብታሙ ‹ላስተካክልልዎ› ሲላቸው ራሳቸውን እንዴት ነቀነቁ? ቢያሳዩኝ።»

«እንዲህ ነዋ» አለና ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ አወዛወዘ። «አሻፈረኝ አለ። አጎቴ ግትር ነበር።»

«እርስዎ የት ተቀምጠው ነበር?»

«መደቡ ላይ። ፊት ያለውን መቀመጫ ያ ሰውዬ ይዞት ነበር።»

«ሲወጡስ ምን አሏቸው?»

«‹ደህና ሁን አጎቴ፣ እሁድ እመለሳለሁ› አልሁት። ቀና ብሎም አላየኝ። ማንን አይቶ ያውቃል?» በመጨረሻው ቃል ላይ ከትሕትናው ሥር የሚነድ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ሥርጉት በማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጽፋ፣ «ነገ ጠዋት ቢቸና ይምጡ» አለችው።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ፤ ሉሊት፣ ሀብትነሽ፣ ስጦታው፣ በካቴና የታሠረው ሐብታሙ፣ ሳጅን ባየም። በርጩማው ላይ የተቀመጠ አልነበረም። ሥርጉት ፊልሙን በመስኮቱ ላይ አጣበቀችው፤ የጠዋት ፀሐይ የገላውን አንገት በክፍሉ መካከል አቆመችው። ሉሊት ፊቷን ሸፈነች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሉሊት። መሐላሽን አንቺ አላፈረስሽም፤ እኔ ነኝ። እኛ ትዕቢት ያልነው ይህ ነው። አባትሽ ለዐሥር ዓመት ‹አዎ› ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ‹አይደለም› ግን በአንገታቸው ብለው አያውቁም። አቶ ስጦታው፣ ትናንት እንዳሳዩኝ ለእነዚህም ያሳዩልኝ።»

ስጦታው ፊልሙ ላይ አፈጠጠ። አልተንቀሳቀሰም።

«ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሦስት ጊዜ ነበር» አለች። «በዚህ አጥንት ያ አይሆንም። ስለዚህ ያን ንቅነቃ አላዩም፤ ፈጥረውታል።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ስጦታው። «የሰው ዐይን ይሳሳታል። ይህ ግን ገዳይ አያደርገኝም። መጋጠሚያ የሚያውቀው እሱ ነው!» በጣቱ ሐብታሙን አመለከተ።

«ሁላችንም የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ‹የሚያውቅ እጅ ገደለው› አልን። ይህን አንገት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሐብታሙ ፊልሙን አይቷል፤ በዚያ ቀን የመጣውም ‹ማንም እንዳይነካዎ› ብሎ ሊያስጠነቅቃቸው ነው። ሉሊት ስታጥባቸው ኖራለች። ከሁለቱ አንዱ ቢገድልና ቢዋሽ፣ ‹ራሱን ወዘወዘ› የሚል ውሸት በአፉ አይመጣም፤ እንደማይሆን ያውቃላ። ያን ውሸት የሚዋሸው የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሰባሪውም የማያውቀው ነው። የእርስዎ አጎት በተለይ ከሙያ ሰው ይሸሸጉ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ከእርስዎ።»

ሐብታሙ ካቴናው እየተንኳኳ ፊቱን በእጆቹ ያዘ።

«ሀብትነሽ፣ ከበሩ ምን ሰማሽ?»

«‹ዙር! ወደ እኔ ዙር!›»

«በገበያ ዕለት በሽተኛ የለም። ስለዚህ ዙር የተባሉት ወጌሻው ራሳቸው ናቸው። ‹ይዙሩ› አላለም፣ ‹ዙሩ›ም አላለም። ዙር! ሉሊት፣ አባትሽን ‹አንተ› የሚል ማን ነው?»

«እኔና...» ሉሊት ቀስ ብላ ቀና አለች። «እኔና ስጦታው። ልጅ ሆኖ እዚሁ ነው ያደገው። ቢቸና ውስጥ ሌላ ማንም አይደፍርም።»

«ይኼ ሰውዬ ሊሆን ይችላል!» አለ ስጦታው ወደ ሐብታሙ።

ሳጅን ባየ ሳያስበው ጣልቃ ገባ። «እሱ? ሳስረው እንኳ ‹ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካቴናው አንጓዬን ይዞታል› ነው ያለኝ። በሕይወቱ ‹ዙር› ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ማንም አልሳቀም። ሥርጉት ወደ መደቡ ሄዳ ተቀመጠች፤ ከበርጩማው በስተግራ፣ መስታወቶቹ በማይደርሱበት ቦታ።

«እዚህ ነበሩ» አለችው። «ሐብታሙ ሲወጣ የፊቱ መቀመጫ ባዶ ሆነ፤ እርስዎ ግን ከዚህ አልተነሡም። አጎትዎ ስለ እሁዱ ነገሩዎት። ለመኗቸው። እሳቸው ወደፊት እያዩ መለሱልዎት። ያን ጊዜ...»

«አላየኝም!» ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። ስጦታው ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። «በሕዝብ ፊት ሊያዋርደኝ ነው፤ እንጀራዬን ሊነጥቀኝ ነው፤ ይህን ሁሉ ሲናገር ግድግዳውን ነው የሚያየው! ወደ እኔ ዙር አልሁት። ሰው ነኝ እኮ፣ እየኝ አልሁት። ዝም አለ። ሲንቀኝ ዐይኑን ልየው ብዬ... አገጩንና ማጅራቱን ይዤ ወደ እኔ መለስሁት። በኃይል እንኳ አይደለም። ቀጭ አለ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እንዲያየኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።»

«አይቶህ ነበር?» አለች ሉሊት። ድምፇ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ስጦታው ሰፋፊ እጆቹን ተመለከተ። «አየኝ። ወደ እኔ ዞሮ ነው የሞተው።»

ሥርጉት ተነሥታ ፊልሙን ከመስኮቱ አነሣችና ለሉሊት ሰጠቻት። ባየ ካቴናውን ከሐብታሙ እጅ ፈታ፤ ሐብታሙ አንጓዎቹን እያሸ፣ «እባክዎ፣ ለእሳቸው ላላ አድርገው ይሰሯቸው» አለው።

አርብ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ሐብታሙን በነጻ አሰናበተው። በስጦታው ላይ ሁለት መዝገቦች ተከፈቱ፤ አንደኛው በአጎቱ ሞት፣ ሁለተኛው በልጅቱ ክንድ። ሥርጉት ሁለቱንም ፈርማ ለዐቃቤ ሕጉ አስረከበች።